ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው ሽክና

ዶን ክሪሶፎሮ ሜስካል የሚሉትን የቃጫ አረቄ በሚያወጣበት ዳስ ውስጥ፣ በርጩማው አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። አፉ አረፋ ደፍቋል፤ ሽክናው ከጣቶቹ ሥር ተገልብጧል። ኤዱቪሄስ ሽክናውን አንስታ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ከሜስካሉ ሽታ በላይ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይከረፋል። የዱር ቃጫውን ለሚጨርሰው ነቀዝ የሚረጨው መርዝ ነው።

ዘንድሮ ጠብና ሞት የማጣራቱ ሹመት የወደቀው በእሷ ላይ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ባል ያጣችው በምላሷ ነው» ይሏታል። እሷም «ያጣሁት ባል አይደለም፤ የሚችለኝ ጆሮ ነው» ትላለች።

ሽክናውን ለሟቹ ያቀበለችው ያሳደጋት ልጁ ኒካኖራ ነበረች፤ መንደሩም ቆልፎባታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለከተማው ፖሊስ ትሰጣለች። ከዚያ የተመለሰ ድሃ ማንም አያስታውስም።

ኤዱቪሄስ በፍርግርጉ በኩል «አባትሽ ሜስካል እንዴት ነበር የሚቀምሰው?» አለቻት።

«እንደ ማንም አዋቂ ነዋ። መዳፉ ላይ ጠብ ያደርጋል፣ ያሻል፣ ያሸታል። እሱ አንዴ ካለ አለቀ። ያለፈውን ጋን እንኳ ‹የተቃጠለ ይሸተኛል› ስለው ‹ሂጂ አፍንጫሽን ታጠቢ› አለኝ። በሱ ቃል ለነጋዴው ላክሁት።»

«የዛሬውን ማን ቀዳው?»

«እኔ እንጃ። መደቡ ላይ ተቀድቶ ነበር። ‹አቀብይኝ› አለኝ፣ ሰጠሁት።»

«ሽታውስ?»

«ቃጫው ላይ መርዝ ስረጭ ነው ያረፈድኩት፤ ልብሴ ራሱ ይሸት ነበር። ከምን ልለየው?»

ነጋዴው ሮጋሲያኖ ከመኪናው አልወረደም። «ተጭበርብሬያለሁ» አለ። «ሟቹ የላከልኝ ጋን ከሰል ከሰል ይሸታል። እንዲያ ያለ አፍንጫ ይዞ ሳያውቅ አይልክም፤ ሆን ብሎ ነው። የመጣሁት ልጣላው ነው፤ ልገድለው አይደለም።»

«ሲቀምስ አይተውታል?»

«አሽትቶ የየትኛው ገደል ቃጫ እንደሆነ ይነግርሻል። ግትር ነበር እንጂ። ወንድሙ የተራራውን ቃጫ በሙሉ ቆርጦ ሊሸጥልኝ እሺ ሲል፣ እሱ ‹ግማሹ ያብብ፣ የሌሊት ወፍ ይቅሰመው፣ ዘር ይጣል› ብሎ ከለከለ።»

ወንድምየው አቡንዲዮ ከዳሱ ጀርባ በገጀራ ቅጠል ይመለምላል። ወንድሙ በሞተበት ቀንም እጁ አልቦዘነም።

«ዶን ክሪሶፎሮ እንዴት ነበር የሚቀምሰው፣ አጎቴ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፣ ልጄ? ከፍ አድርጎ ይቀዳል፤ ዕንቁው ቆመ አልቆመ ያያል፤ ይጠጣል።» ዕንቁ የሚሉት ደህና ሜስካል ሲቀዳ ከላዩ የሚቆመውን አረፋ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ። ሌላው ሁሉ አድክሞኛል፤ እርስዎ ግን በአጭሩ ገላገሉኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ዳሱ ሥር ሰበሰበቻቸው። ኒካኖራ በሁለት ጠባቂዎች መካከል ቆማለች።

«መርዙ ይከረፋል» ብላ ጀመረች ኤዱቪሄስ። «የክሪሶፎሮን አፍንጫ የሚያምን ሰው በሚከረፋ ነገር አይገድለውም፤ በጥይት ይገድለዋል። ገዳዩ ያ አፍንጫ መሞቱን ያውቅ ነበር።»

«መሞቱን?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ሮጋሲያኖ በመኪናው ከመለሰው ጋን የቀዳችውን ሰጠቻቸው። አሽተው አሸተቱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይህን ‹ደህና ነው› ያለ ሰው አልሸተተውም። ታዲያ ማን ያውቅ ነበር? ኒካኖራ ብታውቅ የራሷን አፍንጫ ትታ በሱ ቃል ጋኑን አትልክም ነበር። ሮጋሲያኖም ቢያውቅ ‹ሆን ብሎ ነው› ብሎ ሊጣላ አይመጣም። በሁለቱ ፊት ያሽ ነበር፣ የሚያሸት ይመስል ነበር። በአንድ ሰው ፊት ግን ማስመሰሉን ትቷል። ያ ሰው እንዴት እንደሚቀምስ ስጠይቀው ያየውን ነገረኝ፤ ቀድቶ፣ አይቶ፣ ይጠጣል። በዚህ ተራራ ሜስካል ሳያሸት የሚጠጣ ቀማሽ አለ ብሎ የሚናገር ማን ነው፣ ያየው ካልሆነ? ሽክናውም ተቀድቶ የጠበቀው ለዚህ ነው። ራሱ ቢቀዳ መርዙ ዕንቁውን እንዳጠፋው ያይ ነበር፤ የቀረው ዓይኑ ብቻ ነዋ። አጎቴ፣ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አቡንዲዮ ገጀራውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረ።

«ያ ትኩሳት አፍንጫውን ሲወስድበት ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር» አለ። «ለማንም አልተናገርሁም።» ወደ ተራራው እየጠቆመ ጨመረ፦ «ተራራውን ለሌሊት ወፍ ሊያወርስ ነበር እኮ። አበባ ለሌሊት ወፍ፤ ለኛ ረሀብ።»

ጠባቂዎቹ ኒካኖራን ለቀው እሱን ያዙት። ሰው ሁሉ ተከትሎ ሲወጣ ልጅቷ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ለምን ደበቀኝ?» አለች። «እኔ አሸትለት አልነበር?»

«ኩሩ ስለነበረ» አለች ኤዱቪሄስ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «ነግሮሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምታውቁት አንቺና አጎትሽ ሁለት ትሆኑ ነበር። በምን አወጣሽ ነበር?»

ኒካኖራ ባልዲውን አንስታ፣ ሬሳውን የምታጥብበት ውኃ ልትቀዳ ወደ ወንዙ ወረደች።