የጎምባ ጣት

በአዝማር ምድር፣ ነጋሪቱ ማንም ሳይመታው ሦስት ጊዜ ባጓራበት ዕለት፣ የሰባት ነገሥታት ቀለበት ከግምጃ ቤት ተሰረቀ። ወሳጁ ግዙፉ ጎምባ ነበር። ከተራራው ሲያገሣ ሕዝቡ «ጉድ ፈላ! ተቆጥቷል፤ ሊበላን ነው!» አለ። ወጌሻዋ ውብዳር ግን ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች። ስብራት ስትጠግን ያደገች ናትና የቁጣን ጩኸት ከሕመም ጩኸት ትለያለች።

በንግሥት ወርቂት ፊት ቆማ ማለች፦ «ቀለበቱን ሳይሰበር ባልመልስ፣ እንደ አገራችን ሕግ ቀኝ እጄ ዓመት ሙሉ ይታሰር!»

«ወጌሻ ሆና እጇን ታስይዛለች? አይ ልጅነት!» ብሎ አንጥረኛው ይርዳው አጉረመረመ፤ ሆኖም ሞረዱን ይዞ ተከተላት። በመንገድ የእሳት አሞሮች ጢሙን ለበለቡት። እሱን ያንገበገበው ግን የስንቁ መቃጠል ነበር።

ጎምባ ዋሻው ደጃፍ ተቀምጦ ያለቅሳል። አስማታዊው ቀለበት ለሚያጠልቀው ሰው ጣት አንዴ ይሰፋል እንጂ አይደግምም፤ ጎምባ ደግሞ አጥልቆት ማር ሲቆርጥ ንብ ነድፎት ጣቱ አብጧል።

«ዐይንህን ጨፍን፤ ስነካህ ንገረኝ» አለችው ውብዳር፣ ጣቱን በላባ እየዳሰሰች።

«እሺ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?»

ሦስት ጊዜ ነክታው ነበር። የሌሎቹን ጣቶች ጥፍር ተጭና ስትለቅ ወዲያው ቀላ፤ የዚህኛው እንደ ነጣ ቀረ። ጣቱም በርዷል፣ እጠፈው ብትለው አልታጠፈም።

«ደም አልደረሰውም። ከቆየ ጣቱ ይሞታል።»

ቅቤ ቀብታ፣ እብጠቱን ለማሟሸሽ ከጫፉ ጀምራ ክር ጠመጠመችበት። ቀለበቱ ንቅንቅ አላለም። ይርዳው ሞረዱን ከጀርባው ደበቀ።

«ውቤ፣ መሐላሽስ?»

ውብዳር ፈራች። ሰው ተሰብሮ ሲመጣ፣ ዓመት ሙሉ እጇን ታስራ ልታይ ነው። ጎምባን ቀና ብላ አየችውና «ይርዳው፣ ቀለበቱን ቁረጠው!» አለች።

ቀለበቱ ለሁለት ተከፈለ። ጥፍሩ ቀስ በቀስ ቀላ፤ ጎምባ «አመመኝ! እሰይ፣ አመመኝ!» እያለ ጨፈረ። «አምሮኝ ነው እንጂ ለክፋት አልወሰድኩትም» ብሎም ሁለቱን በትከሻው ተሸክሞ አዝማር አደረሳቸው።

ንግሥቲቱ ስባሪዎቹን በመዳፏ ላይ ገጥማ አየቻቸው። «ልጄ፣ ሕግ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ንግሥት ሆይ። እሰሩኝ።»

ንግሥቲቱ በገዛ ሻሿ የወጌሻዋን ቀኝ እጅ አሰረች። ጎምባ «በእኔ ጦስ! በእኔ ጦስ!» እያለ አደባባዩን በለቅሶ አናወጠው።

«ዝም በል አንተ!» አለችው ውብዳር፣ እንባዋን በግራ እጇ እየጠረገች፣ ሳቋም እያመለጣት። «ቀለበቱን ይርዳው ይሠራዋል፤ ጣት ማን ይሠራልሃል?»