ሸራ ሥር የተጫነች ተሳፋሪ

እማማ ደጊቱ የሞቱት ሐሙስ ቀን ነው፤ ግንቦት 1999 ዓ.ም.። ኢንስፔክተር ውዳሴ ፍኖተ ሰላም ከተማ ሆስፒታል ጓሮ ካለችው የአስከሬን ክፍል ገብታ አስከሬናቸውን የገለጠችው በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት ነበር። በዚያ ሰዓት ምራታቸው አቻምየለሽ አማቷን በመርዝ ገድላለች ተብላ ጣቢያ ታስራ አድራለች። ድሃ ሲሞት ገዳዩ የሚፈለገው ከራሱ ጓዳ ነው፤ ሩቅ መሄድ ያደክማላ!

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት ኮማንደር ዘመኑ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ከበሩ ላይ ቆሞ። «መዝገቡ እኮ አልቋል። ሴትዮዋ ከቡሬ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፈሩ፣ መንገድ ላይ ምሳቸውን ፈተው በሉ፣ አስመለሳቸው፣ ሞቱ። ሹፌሩ ነው ያለው። ምሳውን የቋጠረች ምራቲቱ ናት። ጠዋት ‹ሄደው በቀሩ!› ስትላቸው ጎረቤት ሰምቷል።»

«ሌላስ?»

«ሲመጡ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸቱ ነበር። መርዙን በሽንኩርት ሸፍናዋለች።»

ውዳሴ ጎንበስ ብላ ማየቷን ቀጠለች። በእማማ ደጊቱ ግራ ጉንጭ ላይ የጆንያ ሽመና መስመር በመስመር ታትሞ ቀርቷል። ከሽበታቸው መካከል ሦስት ነቀዞች በጥፍሯ ለቅማ መዳፏ ላይ አኖረቻቸው፤ አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም። አንገታቸው ላይ ያለው የመዳብ መስቀል ፊቱ ጥላሸት መስሏል። ስትገለብጠው ግን ደረታቸውን ነክቶ የኖረው ጀርባው እንደ ቀድሞው ቀይ ነው። በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ጫፉ በቢላ የተቆረጠ የቃጫ ገመድ ታስሮ አገኘች፤ ገመዱ ላይ አንዲት ቀይ ላባ ተጣብቃለች። ገመዱንና ላባዋን በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ስለዚህች ላባ ለኮማንደሩም ሆነ ለሌላ ሰው ትንፍሽ አላለችም።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«መርዝ ነው፣ ዓይነቱን ለማወቅ ናሙናው አዲስ አበባ ይሂድ አለ። ሦስት ወር ይፈጃል። እኛ ሰኞ ፍርድ ቤት እናቀርባታለን።»

ሦስት ወር! በሦስት ወር ውስጥ አንዲት የገጠር ሴት ወኅኒ ገብታ ልትረሳ እንደምትችል ውዳሴ ታውቃለች። ከነንዴቷ ወጥታ ወደ ጣቢያው ግቢ ሄደች።

እማማ ደጊቱ የተሳፈሩበት የጭነት መኪና በቆሎ እንደጫነ ቆሟል። ሹፌሩ ትዕዛዙ ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስልም፤ ፍጥነቱ ግን ከምላሱ ይጀምራል።

«እዚች ጋ ነበር የተቀመጡት፣ ከጎኔ። እግዜር ያሳይዎት፣ እንደ እናቴ ነው የያዝኋቸው።»

ውዳሴ ወደ ጋቢናው ወጣች። ወደ ጭነቱ የምታሳየው ትንሿ የኋላ መስኮት ዙሪያዋን በአዲስ ቡናማ ፕላስተር ታሽጋለች።

«ይህ ለምንድን ነው?»

«ነፋስ አስቸገረኝ።»

የበሩን መስታወት ለመዝጋት መዘውሩን አዞረችው፤ መስታወቱ ግማሽ ላይ ተሰብሮ ቀርቷል፣ አይዘጋም።

«ከዚህ በኩል የሚገባው ነፋስ አላስቸገረህም?»

ትዕዛዙ ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። እሷም ሳትጨቀጭቀው ጭነቱ ላይ ወጣች። ሸራው ሲገለጥ በጆንያዎቹ መካከል አንድ ሰው ተጣጥፎ የሚተኛበት ጎድጓዳ ታየ፤ ውስጡ የዳቦ ፍርፋሪና የዶሮ ኩስ አለ። ጆንያው ላይ የሞተ ነቀዝ እንደ ጤፍ ፈስሷል።

አቻምየለሽን ያገኘቻት የእስረኞች ክፍል ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ነው። ባሏ ለቀን ሥራ መተማ ወርዷል፤ እናቱ መሞታቸውን ገና አልሰማም። ሲሰማም ሚስትህ ናት የገደለቻቸው ነው የሚሉት።

«ምን ቋጠርሽላቸው?»

«ዳቦ።»

«ነጭ ሽንኩርት ነበረበት?»

«ሽንኩርት ዳቦ ውስጥ ምን ሊሠራ!» አለች ቀና ብላ። ከታሰረች ወዲህ የመጀመሪያውን አስተዋይ ጥያቄ የሰማች መሰላት።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በዶሮ። ልጃቸው እታለም እዚሁ ፍኖተ ሰላም ወልዳለች። እንቁላሏን ሸጬ ጨው የምገዛባትን ቀይ ዶሮ ላራሷ ብለው እጃቸው ላይ አስረው ወጡ። ተናደድሁ። ‹ሄደው በቀሩ› አልሁ። ጎጃም ውስጥ ይህን ያላለች ምራት ካለች አምጡልኝ! ደግሞስ የገዛ ዶሮዬን አብሬ የምመርዝ ምን ያልሁት ጅል ነኝ?» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «አፌ ግን ክፉ ነው፤ ይህን አልክድም።»

«ስለ ዶሮዋ የጠየቀሽ ሰው አለ?»

«ማን ጠይቆኝ! ‹በምን መርዝ ነው?› ብቻ ነው የሚሉኝ።»

ቡሬ የደረሰችው ከቀትር በኋላ ነው። የበቆሎው ባለቤት የአቶ ላቀው መጋዘን ከመነኻሪያው ብዙ አይርቅም። መጋዘን ጠባቂው ይታገሱ ኮንትራቱን እንዳያጣ ጥላውን ሳይቀር የሚፈራ፣ የአምስት ልጆች አባት ነው።

«ነቀዝን በምን ነው የምትከላከሉ?» አለችው።

«በክኒን ነው እትዬ። ክኒኑን በጆንያ መሐል ጣል ጣል እናረጋለን። እርጥበት ሲያገኝ ጭሱ ይወጣል፣ ነቀዙን ድራሹን ያጠፋል። መጋዘኑን በሸራና በፕላስተር ጥርቅም አርገን ሰባት ቀን ሰው አናስገባም። ከዚያ አናፍሰን ነው የምንገባ።»

«ሰው ቢገባስ?»

«አይወጣማ!»

«ሽታው ምን ይመስላል?»

«ነጭ ሽንኩርት።»

«ሐሙስ የወጣው በቆሎ ሰባት ቀኑን ጨርሶ ነበር?»

ይታገሱ የአለቃውን ቢሮ በር አየ። «ልጆች አሉኝ እትዬ» አለ።

አቶ ላቀው አመድማ ሱፍ ለብሰው ከጠረጴዛቸው ጀርባ ተቀምጠዋል። መርማሪ እስኪጠይቃቸው የሚጠብቁ ሰው አይደሉም።

«ሐሙስ ሙሉ ቀን ከዚህች ወንበር አልተነሣሁም። ሹፌር ማንን እንደሚያሳፍር እኔ በምን አውቃለሁ? ገዳይቱን ይዛችኋታል፤ መኪናዬ ምን አጠፋ? አሁን ለአንዲት ባልቴት ከነዶሮዋ ተብሎ መቶ ኩንታል እህል ዝናብ ይብላው?»

ውዳሴ ደብተሯን ዘጋች። «አይበላውም» አለች። «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጣቢያ ይምጡ፤ የመኪናው ጉዳይ ይቆረጣል። ጠባቂዎንም ይዘው ይምጡ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም በመኪናው አጠገብ ተሰበሰቡ። ኮማንደር ዘመኑ ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ። አቶ ላቀው ይታገሱን ብቻ ሳይሆን የደብሩን ቄስ ገብረሰንበትንና ሁለት ሽማግሌዎችንም ይዘው መጥተዋል፤ ንጹሕ ነኝ ላለ ሰው ሽማግሌ ምን እንደሚያደርግለት እሳቸው ያውቃሉ። ትዕዛዙ ከጎማው አጠገብ ቆሟል። አቻምየለሽ በፖሊስ ታጅባ ወጣች።

«እማማ ደጊቱ በምሳቸው ተመርዘዋል ተብሏል» ብላ ጀመረች ውዳሴ። «ዳቦውን በልተዋል፣ እውነት ነው። ነቀዝ ግን ዳቦ አልበላም፤ ፀጉራቸው ላይም ጆንያው ላይም ሞቶ ነው ያገኘሁት። መስቀላቸው ጠቁሯል። መስቀላቸውም ምሳውን በልቷል ልትሉኝ ነው? ነቀዝ የሚገድል፣ መዳብ የሚያጠቁር፣ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት አንድ ነገር አለ። የነቀዝ ክኒን ጭስ!»

«ጋቢና ውስጥ ነበሩ እኮ!» አለ ኮማንደሩ።

«ማን አለ? ትዕዛዙ። ጉንጫቸው ላይ የታተመው ግን የጋቢና ወንበር ሳይሆን ጆንያ ነው። እማማ ደጊቱ ጭነቱ ላይ፣ ሸራ ሥር ነበሩ።» ወደ ሹፌሩ ዞረች። «ሰው በጭነት ላይ መጫን ክልክል ስለሆነ የዋሸህ መስሎኝ ነበር። ግን የበርህ መስታወት ተሰብሮ ነፋሱ እያፏጨ ይገባል፣ እሱ አላስጨነቀህም። ያሸግኸው ወደ ጭነቱ ያለውን ብቻ ነው። ከኋላህ ምን እንዳለ ታውቅ ነበር!»

ትዕዛዙ ዞሮ አቶ ላቀውን አየ።

«እኔም ነገርኋቸው!» ይታገሱ ነው። ሁሉም ዞሩበት። አንዴ ከጀመረ በኋላ ፍርሃቱ ለቀቀው። «ረቡዕ ማታ ክኒኑን የጣልሁ እኔ ነኝ። ጋሽ ላቀው ‹ሰባት ቀን የሚቆም እህል የለኝም፣ እግረ መንገዱን ይታጠን› አሉኝ። ‹እንግዲያ ሰው እንዳይወጣበት› ብዬ ለሁለቱም ነግሬያለሁ። ፕላስተሩንም የሰጠሁት ለዚሁ ነው።»

«ጎሽ!» አሉ አቶ ላቀው እጃቸውን እያወናጨፉ። «ሰው እንዳይወጣበት ተብሏል፤ ሹፌሩ የተባለውን ጥሶ ሰው አወጣ። እኔ ቡሬ ቢሮዬ ነበርሁ።»

ውዳሴ ከኪሷ ወረቀቱን አውጥታ ገመዱንና ቀዩዋን ላባ መዳፏ ላይ ዘረጋች።

«አቶ ላቀው፣ ትናንት ‹ባልቴት ከነዶሮዋ› ብለውኝ ነበር። ዶሮዋ በሹፌሩ ቃል ውስጥ የለችም። በመዝገቡም የለችም። አቻምየለሽንም ማንም አልጠየቃትም፤ እኔም ለማንም አልተናገርሁም። ዶሮዋ ሞታ ስትገኝ ምሳው እንዳልሆነ እንዳይታወቅ ገመዷ ተቆርጦ ተጥላለች። ከቢሮዎ ካልተነሡ ዶሮዋን የት አዩአት?»

አቶ ላቀው ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለከቱ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

«ጋቢና ነበሩ!» ብሎ ጮኸ ትዕዛዙ በድንገት። «ከመነኻሪያ ሳነሣቸው ጋቢና ነበሩ፣ በማርያም! ከከተማው መውጫ ላይ ጋሽ ላቀው ጠበቁን፤ ፍኖተ ሰላም ጉዳይ ነበራቸው። ‹ይችን አውርዳትና ላይ ትውጣ› አሉኝ።»

«ጋቢናው ሦስት ሰው አይይዝም?»

«ይይዛል።» ድምፁ ወረደ። «ዶሮዋ ሱፌን ታበላሻለች አሉ።»

ኮማንደሩ ከወንበሩ ተነሣ።

«ከዚያስ?» አለች ውዳሴ። ጥርሷን ነክሳ ነው የምትናገረው።

«ማንኩሳ ስንደርስ ወደፊት ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል ተባለ። እንዳይታዩብን ሸራውን አለበስኋቸው። እስኪሄድ… ምሳ በላን። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን።»

«ሲጮኹ አልሰማችሁም?»

«ምግብ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር።»

አቻምየለሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቁጢጥ አለች። ኮማንደር ዘመኑ ወደ ውዳሴ ጠጋ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ያለ አንዳች ማስረጃ ሴት ያሰረ ሰው አሁን ጠንቃቃ ሆነ።

«በቸልተኝነት ሰው መግደል ብለሽ ጻፊው» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አልጽፍም ኮማንደር። ቸልተኛ ሰው የራሱን መስኮት አያሽግም። እነዚህ ሁለቱ ሞት ከኋላቸው እንዳለ አውቀው ለራሳቸው ተጠንቅቀዋል፤ እሳቸውን ግን ወደ ውስጡ ሰደዱ። እኔ የምጽፈው ይህንን ነው፤ ካልተስማሙ ከሥሩ ይቃወሙና ይፈርሙበት።»

ኮማንደሩ ሰዎቹን አየ፣ ቄሱን አየ፣ የተሰበሰበውን ፖሊስ አየ። ከዚያ ሁለቱ እንዲያዙ አዘዘ። ካቴናው ሲወጣ ቄስ ገብረሰንበት ፈጥነው መሐል ገቡ።

«ልጆቼ፣ ቀስ በሉ። የሞተ አይመለስም። ሰይጣን በመካከል ገብቶ ነው። አቶ ላቀው ይክሳሉ፣ ደጀ ሰላምም ይረዳሉ። አቻምየለሽ፣ አንቺም እግዜር አወጣሽ፤ ባልሽ ሲመጣ ነገሩ በሽምግልና ይለቅ። ቂም ምን ያደርጋል?»

አቻምየለሽ ተነሣች። ሁለት ሌሊት የተኛችበት የሲሚንቶ አቧራ ቀሚሷ ላይ አለ። ቀረብ ብላ ከቄሱ ፊት ቆመች፤ አንገቷን ግን አልደፋችም።

«አባ፣ ይፍቱኝ» አለች። «እኔ ገዳይ ተብዬ ስጎተት መንደሩ ሁሉ አይቶኛል። ያኔ ሽማግሌ አልተላከልኝም። ‹ሰይጣን በመካከል ገብቶ ነው› ያለልኝ የለም። ሰይጣኑ እኔው ነበርሁ። እሳቸው ሲያዙ ነው እርቅ ትዝ ያላችሁ?»

አንደኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ በሩ ማዝገም ጀመሩ።

«አልታረቅም። ባሌም ቢታረቅ እኔ አልታረቅም፤ ፍርድ ቤቱ ፊት ቆሜ ያየሁትንና የሰማሁትን እናገራለሁ» አለችና ወደ ውዳሴ ዞረች። «እማዬን የት ነው የምረከብ? እዚህ ሦስት ቀን ሲጋደሙ ያጠባቸው ሰው የለም።»

ውዳሴ ኮማንደሩ የፈረመውን የመፈቻ ወረቀት ተቀብላ ሰጠቻት፤ ከዚያም ራሷ እየመራች ወደ ሆስፒታሉ ወሰደቻት።