እርጥብ ሰማያዊ

ቀሚሱ አንድ ብቻ ነበር። የአክስቴ ነው፤ ጨርቁ ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ልኩ ግን በፊልሜ ልትተውንልኝ ለተስማማችው ጓደኛዬ ተለክቶ የተሰፋ ይመስል ነበር። ቀለሙ ነጭ ነው። እኔ የምፈልገው ደግሞ ሰማያዊ ነበር፤ ያውም ከጠቆረው እስከ ፈዘዘው።

የመመረቂያ ፊልሜ አሥር ደቂቃ ነው። አንዲት ሴት በአውቶቡስ መናኸሪያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ትጠብቃለች። አራት ጊዜ እናያታለን፤ ሰውየው አይመጣም። በየጊዜው ቀሚሷ እየፈዘዘ ይሄድና በመጨረሻ ነጭ ይሆናል። ተስፋዋ አልቋል ማለት ነው። መምህራችን «በፊልም ውስጥ ቀለም ጌጥ አይደለም፤ ተዋናይ ነው» ይሉ ነበር። ይህን ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

ከተመራቂዎቹ ሥራዎች ሦስቱ ይመረጣሉ፤ የተመረጡት ልጆች በአንድ የፊልም ድርጅት ውስጥ ሥራ ይጀምራሉ። አባዬ ይህን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ።

«እሺ፤ ከተመረጥሽ አፌን እዘጋለሁ» አለኝ። «ካልተመረጥሽ ግን ኢንሹራንስ ትገቢያለሽ። እዚያ ወንበርሽ ተዘጋጅቷል።»

የኢንሹራንስ ቢሮው ኃላፊ የድሮ ባልደረባው ናቸው። ወንበሩን አይቼዋለሁ። ጥሩ ወንበር ነው፤ ይሽከረከራል።

ልብስ ማቅለሚያ ቤቱን የጠቆመችኝ ያቺው ጓደኛዬ ናት። በመግቢያው ጠረጴዛ አንዲት እናት ተቀምጠው ቁልፍ ይተክላሉ፤ ከጀርባቸው ገንዳዎች፣ እንፋሎት፣ ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ጨርቆች። ከእንፋሎቱ ውስጥ ልጃቸው ወጣ። እጆቹ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ናቸው።

«መጀመሪያ ጠቆር ያለ ሰማያዊ አድርግልኝ» አልኩት፤ መንገድ ላይ ያጠናሁትን። «በሳምንቱ ትንሽ ትቀንስልኛለህ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ። በመጨረሻ ወደ ነጩ ትመልስልኛለህ።»

ቀሚሱን በእጁ ጀርባ ዳሰሰው።

«አይሆንም» አለ። «ቀለም ይገባል እንጂ አይወጣም። በኬሚካል ላነጣው እችላለሁ፤ ግን ጨርቁ ያልቃል። ከነጭ ወደ ሰማያዊ መንገድ አለ። መመለሻ የለውም።»

አራት ዓመት ስለ ቀለም ተምሬ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ቀሚሱን ለመውሰድ ሳብ ሳደርገው አልለቀቀውም።

«ለፊልም ነው አላልሽም? መጨረሻውን መጀመሪያ ቅረጪዋ። ነጩን አሁን፤ ከዚያ እኔ በየሳምንቱ አጠቁረዋለሁ። ስትገጣጥሚው ትገለብጪዋለሽ።»

ፊልም በፈለጉት ቅደም ተከተል እንደሚቀረጽ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ከአንድ ቀለም ነካሪ አፍ እስክሰማው ድረስ ግን አልመጣልኝም ነበር።

እናቱ ከመርፌያቸው ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ ለሰው ሥራ ምክር አያጣም» አሉ። «የራሱን ሸሚዝ ግን መቆለፍ አልቻለም።»

ወደ ሸሚዙ አየ። እውነትም አንድ ቁልፍ ዘሏል።

ነጩን ቀረጽን። ቀሚሱን ይዤ ወደ ማቅለሚያ ቤቱ ሄድኩ። ፈዛዛውን ቀረጽን፤ አሁንም ይዤ ሄድኩ። ጨርቁ እስኪነከር ቆሜ መጠበቅ አያስፈልገኝም ነበር። ትቼው መሄድ እችላለሁ። አልሄድኩም፤ እሱም ሂጂ አላለኝም። በረዥም እንጨት እያገላበጠ ይጠይቀኛል፤ እኔ ወደ ገንዳው እያየሁ እመልሳለሁ። ዓይናችን ሲገጣጠም ሁለታችንም ወዲያው የሆነ ሥራ እናገኛለን።

«ሴትየዋ ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለኝ አንድ ቀን።

«አይታወቅም።»

«አንቺም አታውቂም?»

«እኔ አውቃለሁ። ተመልካቹ ነው የማያውቀው።»

«እሺ፣ ሰውየው ለምን ቀረ?»

«ስላልመጣ።»

ሳቀ። ሳቁ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቀነቀው።

«እና ነጭ ስትለብስ አለቀላት ማለት ነው።»

«አዎ። ነጭ ባዶነት ነው።»

«ማን አለ?»

«ትምህርቱ… ብዙ ፊልም ላይ እንደዚያ ነው።»

«እዚህ ቤት እንደዚያ አይደለም። እዚህ ነጭ ማለት ያልተጀመረ ጨርቅ ነው። ነጭ ይዞ የሚመጣ ሰው የሆነ ነገር አስቦ ነው የሚመጣው። እኔን የሚያሳዝነኝ ጥቁሩ ነው፤ ምንም ልጨምርለት አልችልም።»

«ይሄ የጨርቅ ነገር ነው» አልኩት፤ ትንሽ ተከፍቼ። «ፊልም ሌላ ነው።»

«ይሁን» አለ።

እሱ ወደ ማገላበጡ ተመለሰ፤ እኔ እንፋሎቱን አየሁ። ዝምታ ከሰው ጋር ሲሆን ያስጨንቀኛል፤ ይሄኛው አላስጨነቀኝም። ወደ ቤቴ ስሄድ ያሰብኩት ስለዚያ ነበር።

ሦስተኛውን፣ መካከለኛውን ሰማያዊም ቀረጽን። የቀረው ጠቆር ያለው ነው፤ ለፊልሙ መጀመሪያ፣ ለእኛ መጨረሻ። የመናኸሪያው ኃላፊ አዳራሹን የፈቀዱልን ለአራት ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነበር። «ከዚያ በኋላ እድሳት ነው፤ የወለደኝ አባቴ ቢመጣም አላስገባም» ብለውኛል።

ሐሙስ ዕለት ቀሚሱን ከገንዳው ሲያወጣው ከጎኑ ቆሜ ነበር። ውሃው ይንጠባጠባል። ጥቁር ሊሆን ትንሽ የቀረው ሰማያዊ፤ በሕልሜ የማየው ሰማያዊ።

«በቃ፣ ይሄ ነው» አልኩ። «እንዳትጨምርበት።»

ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እሺ» አለ።

ዓርብ እናቱ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ሳልከፍተው ወሰድኩት። ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛዬ ለብሳው ስትመጣ ካሜራው ላይ ያለው እጄ ቆመ። ያለፈውን ሳምንት ምስል ከፍተን ከቀሚሱ ጋር አስተያየነው። ለውጥ የለውም።

እርጥብ ጨርቅ ጠቁሮ እንደሚታይ፣ ሲደርቅ እንደሚፈዝ፣ ልብስ አጥቦ ያሰጣ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ሐሙስ ዕለት ያየሁት የፈለግሁትን እንጂ የቀሚሱን ቀለም አልነበረም።

ማቅለሚያ ቤቱ ስገባ ፊቴን አይቶ እንጨቱን አስቀመጠ።

«አዳራሹ ከዛሬ ወዲያ አይገኝም። ሲደርቅ እንደሚፈዝ አታውቅም ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

እናቱ መርፌያቸውን አቆሙ።

«አንዴ ብጨምርበት ያልቅ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ያልቅና ከዚያ በኋላ አትመጪም። ከፈዘዘ ትመልሺዋለሽ ብዬ ነው። አዳራሹ ከዛሬ ወዲያ እንደማይገኝ ቀድመሽ አልነገርሽኝም።»

እውነት ነው፤ አልነገርኩትም። በዚያ ሰዓት ግን እውነት አልታየኝም። እንዳልመጣ የሚፈራ ሰው ከዚህ በፊት አልገጠመኝም። አሁን ሲገጥመኝ ደግሞ ፊልሜን ይዞብኝ ጠፋ።

«አንድ ሥራ ነበረኝ» አልኩት። «አንድ።» ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ሦስት ቀን ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጥኩ። ፊልሙ መጀመሪያ አልነበረውም። ተስፋዋ ሙሉ ሆኖ ካላየናት፣ ሲያልቅ ማየታችን ምን ይጠቅማል? አባዬ በበሩ ብቅ ብሎ አየኝና ስለ ወንበሩ ሳያነሳ ሄደ። ከመናገሩ ይልቅ ዝም ማለቱ ባሰብኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከተስፋ መቁረጥ ብዛት፣ ምስሎቹን በቀረጽናቸው ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። ነጭ፣ ፈዛዛ፣ መካከለኛ። ጓደኛዬ በነጩ ቀን አንገቷን ደፍታ ነበር የተወነችው። በፈዛዛው ቀና ትላለች። በመካከለኛው ሰው ሲገባና ሲወጣ እያየች ፈገግ ትላለች። ሰውየው አሁንም አይመጣም፤ እሷ ግን እየሞላች ትሄዳለች። ሁለት ጊዜ አየሁት። ከዚያ ተነስቼ ክፍሌ ውስጥ ዞርኩ።

ይህች ሴት መጨረሻ ላይ አዳራሹ ውስጥ ልትቀመጥ አትችልም። ተነስታ ትሄዳለች። የሚያስፈልገኝ መንገድ ብቻ ነው።

ቀሚሱ ማቅለሚያ ቤቱ ነበርና ወደዚያ ሄድኩ። ገመድ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት፤ ጠቁሮ፣ ደርቆ።

«ከቅዳሜ ወዲህ ሦስቴ ነክሮታል» አሉ እናቱ። «እህል በአፉ አልዞረም። ይቅርታ ካላደረግሽለትም ንገሪውና ይብላ።»

«እማ፣ ተይ እንጂ» አለ እሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ አላቀረቀረም። «አጥፍቻለሁ። ለራሴ ብዬ ሥራሽን ነካሁ።»

«ገና ይቅር አላልኩህም» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ሁለተኛ እያወቅክ ዝም እንዳትለኝ።»

«አልልም።»

«ከበራችሁ ፊት መቅረጽ እፈልጋለሁ። ጨርቆቹ መሐል አልፋ ወደ መንገዱ ስትወጣ። ፊልሙ በነጭ ይጀምራል፤ በዚህ ያልቃል።»

የተሰቀለውን ቀሚስ ዳሰስ አደረገ።

«ይሄ የጨርቅ ነገር ነው አላልሽም ነበር?»

«ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነው።»

ይህን ቃል በቀላሉ የምል ሰው አይደለሁም። እሱም የገባው ይመስለኛል፤ አልሳቀም። በማግስቱ ጠዋት ገመዶቹን ሁሉ ወደ ደጅ አወጣና ጨርቆቹን ራሱ ሰቀለልኝ። ጓደኛዬ በመካከላቸው አልፋ ሄደች፤ መንገዱ መጨረሻ ላይ እስክትጠፋ ካሜራውን አላቆምኩም።

ለዳኞቹ ባሳየንበት ቀን መምህራችን አስነሱኝ። «ነጭን መነሻ ማድረግ ከየት አመጣሽው?»

«ከልብስ ማቅለሚያ ቤት።»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ጻፉት።

ሦስተኛ ወጣሁ። አባዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ምን ቢሠሩ ነው?» አለ ተቆጥቶ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ለባልደረባው ወንበሩን ለሌላ እንዲሰጡ ነገራቸው።

ከሰዓት በኋላ ማቅለሚያ ቤቱ ሄድኩ። እሱ በልማድ መጀመሪያ ያየው እጄን ነበር።

«ዛሬ ምን ይነከር?»

«ምንም አላመጣሁም። ተመርጫለሁ።»

አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣና ቆመ። እናቱ ድንገት ከውስጥ የሚያመጡት ነገር ትዝ ብሏቸው ገቡ።

«ሰኞ እጀምራለሁ» አልኩት፤ ዓይኑን እያየሁ። «ከሥራ ስወጣ መንገዴ በዚህ በኩል ነው።»

ትንሽ አሰበ። «የፊልም ድርጅቱ ከከተማው በዚያኛው ጫፍ አይደል እንዴ?»

«ነው» አልኩት።