ራሷ ትቀንሳለች

«አነሳሁ! እዪው፣ ሁለቱንም እግሬን አነሳሁ!» አለ ዳኜ፣ ጉልበቶቹን ከመሪው ሥር ከፍ አድርጎ እያሳየ።

«በስመ አብ! ኧረ መልስ! እግርህን መልስ ዳኜ!» ሚስቱ ፀሐይ ከኋላ ሆና የፊተኛውን ወንበር ጨምድዳ ያዘች። «ገና ዛሬ እኮ ነው ፀጉሬን የተሠራሁት!»

መኪናዋ ግን ምንም አልመሰላትም። ስድሳ ላይ እንዳለች በሱሉልታ ሜዳ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ክረምቱ ጨርሶ ስላልወጣ ሜዳው ግራና ቀኝ እርጥብ ነው፤ በመንገዱ ዳር ቱታ የለበሱ ሯጮች ተከታትለው ይሮጣሉ። ከአባቷ ጎን የተቀመጠችው ሩሃማ ስልኳን ይዛ ፈገግ አለች። ለዚህ ሁሉ ጉድ ምክንያቱ እሷ ነበረች።

መኪናዋ ከቻይና የመጣች የኤሌክትሪክ መኪና ናት። ሱሉልታ ያለው ቤታቸው ከገባች ብዙም አልቆየች፤ ስክሪኗ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ቻይንኛ ነው። የሸጠላቸው ሰውዬ «ቀስ እያላችሁ ትለምዱታላችሁ» ብሎ ቁልፉን አስረክቦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ የራሳቸውን ዘዴ ፈጥረዋል። ሩሃማ ስክሪኑን በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፣ ስልኩ ይተረጉማል፣ ዳኜ ይጫናል። የወንበሩን ማሞቂያ ያገኙት እንዲህ ነው። አንድ ቀንማ ማሞቂያውን እናበራለን ብለው የኋላውን በር ሰፈር መሀል ከፍተው፣ ፀሐይ የገዛችው ሽንኩርት ሁሉ አስፋልት ላይ ተንከባሎ ነበር። ያም ሆኖ ዳኜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልጁን በስሟ መጥራት ትቷል። «ኢንጂነር» ነው የሚላት።

ዛሬ ደግሞ ክሩዝ የሚባለውን አገኙ። የሚፈልጉትን ፍጥነት ይዘው አንዴ ከተጫኑት፣ እግር ሳይነካው መኪናው ያንኑ ፍጥነት ይዞ ይሄዳል።

«እኔ ምልሽ ኢንጂነር፣ ከፊት መኪና ቢኖርስ?» አለ ዳኜ፣ ርቆ የሚታየውን አይሱዙ በአገጩ እያሳየ። «ራሷ ትቀንሳለች?»

ሩሃማ አታውቅም። ስልኩ የተረጎመላት «ቋሚ ፍጥነት» ብሎ ብቻ ነው። ግን ትናንት አንድ ቪዲዮ ላይ፣ መኪና ከፊቱ ያለውን እያየ ራሱ ሲቀንስ፣ ራሱ ሲቆም አይታለች። መልኩም የእነሱን መኪና ይመስል ነበር። ደግሞስ አባቷ እንዲህ ዓይኑን አብርቶ ሲጠብቃት «አላውቅም» እንዴት ይባላል? ይቺ ቃል ድሮም ቢሆን ጉሮሮዋ ላይ ትሰነቀርባታለች።

«አዎ፣ ራሷ ትቀንሳለች። ሴንሰር አላት» አለች።

«አቤት! ወይ ዘመን!» ዳኜ መሪውን መታ መታ አደረገው። አይሱዙው ሳይደርሱበት ወደ ጠጠር መንገድ ታጥፎ ሄደና ነገሩ ሳይፈተን ቀረ።

ከዚያ በኋላማ ዳኜን ማን ይቻለው። አዲስ አበባ ያሉ የሥራ ባልደረቦቹ ሰሙ፣ የሰፈሩ ባለሱቅ ሰማ፣ ፍቼ ያለች እህቱ በስልክ ሰማች። «ልጄ ናት ያስተማረችኝ» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ ግን ወሬ አልነበረውም። ራቱን ቀማመሰና ገፋ አደረገው።

«አባዬ፣ ዛሬስ ክሩዝ ላይ አደረግካት?» አለችው ሩሃማ።

«እ? አይ፣ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር» አለና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ።

በማግስቱ ሩሃማ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ዶፍ ወረደ። የጓደኛዋ የመኪያ ወንድም ሱልጣን እህቱን ሊወስድ መጥቶ ነበርና ሩሃማንም ጫናት። ሱልጣን በመኪናው ሰው እያመላለሰ የሚሠራ ወጣት ነው፤ መኪናው ቁርጥ የእነሩሃማን ትመስላለች። ሩሃማ ይህን ስታይ ትንሽ ፏ ማለት አማራት።

«ሱሌ፣ ለምን ክሩዝ ላይ አታደርጋትም?»

«በዚህ ዝናብ? ጤነኛ ነሽ?» ሱልጣን ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ሳቀ። «ጎማ ሲንሸራተት እኮ እሷ አይገባትም፤ ፍጥነቴን ልያዝ ብላ ዝም ብላ ኃይል ትጨምራለች። ክሩዝ ለደረቅ መንገድ ነው፣ ጭር ላለ። እዚህ ላሙ አለ፣ ሯጩ አለ፣ ባጃጁ አለ። ሜዳው ላይ ስጠቀም እንኳ እግሬ ከፍሬኑ አይርቅም።»

«ግን ራሷ ትቀንሳለች አይደል?»

«የኔዋ አዎ። እዪ፣ ስፖኪዮው ጀርባ ካሜራ አላት።» በጣቱ አሳያት። የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ነገር ነው፣ የክብሪት ሳጥን የሚያክል። «አንዳንዶቹ ግን በርካሹ የገቡ ናቸው፤ ይሄ የላቸውም። እነሱ ፊታቸው ግድግዳ ቢቆም እንኳ በያዙት ፍጥነት ነው የሚገቡበት።»

ሩሃማ የራሳቸውን መኪና መስታወት ለማስታወስ ሞከረች። መኪያ የሆነ ነገር ስትነግራት ነበር፤ አንዱንም አልሰማችም።

አባቷ ሲመጣ ሮጣ በሩን ከፈተችለት። ከወረደ በኋላ ዕቃ የረሳች መስላ መኪናው ውስጥ ገባችና ከስፖኪዮው ጀርባ አየች። ባዶ መስታወት ነው። በጣቷ ዳበሰችው፤ ቀዝቃዛ ባዶ መስታወት።

በማግስቱ አባትና እናቷ እሷንም ይዘው የአክስቷ ልጅ ክርስትና ላይ ለመገኘት ፍቼ ሊሄዱ ነው። ረጅም መንገድ ነው፤ አብዛኛው ሜዳ፣ አብዛኛው ቀጥ ያለ።

«አባዬ፣ ነገ ክሩዝ ላይ አታድርጋት። ዝናብ ነው ይላሉ» አለች፣ ራት ላይ።

«ተባረኪ! እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው» አለች ፀሐይ።

ዳኜ ሩሃማን ትክ ብሎ አያት። «ካልዘነበስ? ካልዘነበ ይሠራል አይደል? እንዳልሽኝ?» ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«እ... አዎ» አለች።

መኝታዋ ላይ ሆና ራሷን ጠላች። ብትናገር ኢንጂነርነቷ አበቃ። ነገ ፍቼ ላይ አጎቶቿ ሁሉ ተሰብስበው አባቷ ስለ እሷ ሊያወራ ነው፤ ምን ሊል ነው ታዲያ? ዝም ብትልስ? ነገ እናቷም የኋላ ወንበር ላይ ትሆናለች። «ምናልባት አይጠቀምበት ይሆናል» አለች ለራሷ። በዚያች «ምናልባት» ተደግፋ እንደምንም እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት ደመና የሚባል የለም፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። የዝናቡ ሰበብ ቀረ። ዳኜ ግቢ ውስጥ የቻርጁን ገመድ እየነቀለ ነው። ጎረቤታቸው ኦቦ ነገሳ ከብቶቻቸውን እየነዱ በበሩ በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ኢንጂነር!» አሏት ሩሃማን። ከዚያ ወደ ዳኜ ዞረው «ዛሬ ቀስ ነው፣ እሺ?» አሉት።

«እሺ ኦቦ ነገሳ» አለ ዳኜ፣ አንገቱን እንደደፋ።

ፀሐይ ቤት ውስጥ ለሕፃኑ የገዛችውን ልብስ «የት ነው ያስቀመጥኩት?» እያለች ትፈልጋለች። አሁን ካልሆነ መቼ። ሩሃማ ወደ አባቷ ተጠጋች።

«አባዬ፣ ራሷ አትቀንስም።»

ዳኜ ቀና አለ።

«ያን ቀን ስትጠይቀኝ አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ሼም ሆኖብኝ ነው አዎ ያልኩህ። ካሜራ የላትም። ሱልጣን አሳየኝ። ትናንትም ልነግርህ ብዬ...»

ቁጣ ጠበቀች። ዳኜ ግን ገመዱን እንደያዘ በተከፈተው በር በኩል የመኪናዋ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ሐሙስ ዕለት» አለ ቀስ ብሎ፣ «የኦቦ ነገሳ ከብቶች ሲሻገሩ ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ቆመላቸው። እኔ ክሩዝ ላይ ነኝ። ራሷ ትቀንሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። በመጨረሻ ፍሬኑን ስረግጠው ይቺን ታህል ነበር የቀረችን።» ክንዱን ዘረጋ። «የሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝና ልጇን እቅፍ አደረገችው። ፊቷ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? የሆነ ነገር ሳልነካ ቀርቼ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ነዋ። ልጄ አስተምራኝ መያዝ አቃተኝ ልበል?» ወደ መንገዱ አየ። «ዛሬ እንደገና ልሞክራት ነበር። አስተካክዬ።»

ሩሃማ ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ ይዛው የቆየችው ሁሉ ነው የወጣው። ዳኜ አቀፋት። «አይዞሽ» ወይም «ምንም አይደለም» ግን አላላትም።

«ከባድ ጥፋት ነው ያጠፋሽው» አለ። «እኔም ስለደበቅኩ ያው ነኝ።»

«ምን ሆናችሁ?» ፀሐይ ልብሱን አግኝታ ብቅ አለች።

«መንገድ ላይ እነግርሻለሁ» አለ ዳኜ።

«ሁሉንም?» አለች ሩሃማ በሹክሹክታ።

«ሁሉንም።»

ነገራትም። ፀሐይ እስከ ጫንጮ ድረስ ሁለቱንም በየተራ ስትቆጣ ቆየችና ደክሟት ተወቻቸው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ የዳኜ እግር ግን ከቦታው አልተነሳም። ፍጥነቱ አንዴ ሃምሳ፣ አንዴ ስድሳ ይላል። ደስ የሚል አነዳድ ነበር።

ድንገት መሪው ጀርባ አንዲት ቢጫ መብራት በራች።

«ይሄስ ምንድን ነው ኢንጂነር?» አለ ዳኜ።

አሁንም ኢንጂነር ነው ያላት። ሩሃማ አንገቷን አስግጋ መብራቷን አየቻት። የጎማ ትመስላለች። ጎማ ነው፣ ብዙም አያሳስብም ሊል አፏ ተከፍቶ ነበር። መልሳ ዋጠችው።

«አላውቅም» አለች።

ዳኜ ፍሬቻ አሳየና ዳር ይዞ ቆመ።