ሳጥኑ ያልያዘው መስመር

ወለሉ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ስልኳ ጠረጴዛው ላይ እየተንፏቀቀ ወደ ጠርዙ ተጠጋ። ሚጡ ሊወድቅ ሲል በመዳፏ ቀለበችው። ምድር ቤት ያለው ማተሚያ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ድም፣ ድም፣ ድም። እያንዳንዱ ድምታ አንድ ትልቅ ወረቀት ነው።

መልእክቱ ከክፍላቸው አለቃ ነበር። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ተማሪውም መምህሩም «አለቃ» ነው የሚሉት።

«አንቺ! መጽሐፍሽ ገባ! ሁለት ካርቶን ተሸክሜ ላብራቶሪ ሳደርስ ወገቤ ተቆረጠ። ስምሽ ከኋላ አለ። በቃ፣ ካሁን በኋላ ሰላምም አትይን።»

ከሥሩ የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አስከትሏል። «ገጽ ቅንብር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ሙሉ ስሟ ከነአባቷ ታትሟል። ሚጡ ብቻዋን ፈገግ አለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስሟ መጽሐፍ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያዋ ነው።

ሌላ ፎቶ መጣ። «ነገ የምንሠራው ይሄን ነው። አሲድ! የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ!»

ገጽ አሥራ ዘጠኝ ነበር። በቀይ መስመር የታጠረ ሳጥን፣ ውስጡ ጎላ ባለ ፊደል የተጻፈ ማስጠንቀቂያ። «ጓንትና መነጽር ሳታደርጉ አትጀምሩ። አሲድና ውኃ ሲገናኙ ኃይለኛ ሙቀት ይፈጠራል።» እዚያ ላይ አራት ነጥብ። አለቀ።

ፈገግታዋ ሳታስበው ጠፋ። ሦስት መስመር አልነበረም እንዴ?

ስቱዲዮው የእናቷ ነው። ከማተሚያ ቤቱ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች፣ ሦስት ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰው፦ እናቷ፣ የእናቷ ወንድምና ከትምህርት ቤት መልስ ሚጡ። አጎቷን ሁሉም «ሚሊሜትር» ይሉታል፤ የብረት ማስመሪያው ከእጁ ስለማይለይ። እናቷ እንደምትቀልደው፣ ሙሽራይቱንም ለክቶ ነው ያገባት።

እስካለፈው ዓመት ድረስ እያንዳንዱን ገጽ ለየብቻው ነበር የሚሠሩት። የገጹን ቁጥር አንድ በአንድ በእጅ ይጽፋሉ። አንድ አንቀጽ ከተጨመረ ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ይተራመሳል፤ አንዴ እንዲያውም ገጽ ሠላሳ ሰባት ሁለት ጊዜ ታትሞ ደንበኛው መጽሐፉን ወርውሮላቸው ሄዷል። ከዚያ እናቷ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራሙን አመጣች፤ ሚጡም የእረፍት ጊዜዋን ሙሉ ተተክላበት ዋለች። አሁን ቁጥሩ ራሱ ይገባል። ጽሑፉ ከአንዱ ሳጥን ሞልቶ ወደ ሚቀጥለው ይፈስሳል። የአርእስቱን መልክ አንድ ቦታ ከቀየሩት መጽሐፉ ሁሉ አብሮ ይለወጣል። የሦስት ሳምንት ሥራ በአራት ቀን እያለቀ፣ ደንበኛ ደንበኛን እየጠራ፣ ስቱዲዮው ስም አወጣ። አሁን ደግሞ የአሥራ አምስት ትምህርት ቤቶች የላብራቶሪ መመሪያ። የመጀመሪያዎቹ ካርቶኖች ለእነሚጡ ትምህርት ቤት ደርሰዋል፤ የቀረው ታች እየታተመ ነው።

ሚጡ ፋይሉን ከፈተች። ገጽ አሥራ ዘጠኝ። ከቀዩ ሳጥን ቀኝ ጥግ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቀይ የመደመር ምልክት ተቀምጣለች። የምትታየው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው፤ ወረቀት ላይ አትወጣም። ትርጉሟም አንድ ነው፦ ሳጥኑ ሞልቷል፣ የተረፈው ጽሑፍ ውስጥ ተደብቋል።

የሳጥኑን ታችኛ ጠርዝ ይዛ ወደ ታች ሳበችው። ሦስተኛው መስመር ብቅ አለ።

«አሲዱን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውኃው ጨምሩ። ውኃ አሲድ ላይ በፍጹም አታፍስሱ፤ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይረጫል።»

መስመሩን ደግማ አነበበችው። ድም፣ ድም፣ ድም፣ ይላል ወለሉ።

ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ባለፈው ሳምንት፣ ፋይሉ ሊወጣ አንድ ሰዓት ሲቀረው ደንበኛው ደውለው፣ ማስጠንቀቂያዎቹ በደንብ እንዲታዩ ፊደላቸው ይተልቅ ብለው ነበር። እሷም በአንድ ጠቅታ ሃያ ሦስቱንም አተለቀቻቸው። እናቷ ከኋላዋ ቆማ «ወይ ጉድ! ዱሮ ቢሆን ሁለት ቀን ይፈጅብን ነበር» ብላ አጨበጨበች። ፊደሉ ተለቀ። ሳጥኖቹ ግን እንደነበሩ ቀሩ።

ፕሮግራሙ አልነገራትም ማለት አይቻልም። ከማያው ግርጌ አንዲት ትንሽ መብራት አለች፤ ሁሉ ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ስህተት ሲኖር ቀይ ሆና ቁጥሩን ታሳያለች። ግን በአሮጌዎቹ ሥዕሎች ጥራት የተነሳ ቀኑን ሙሉ ቀይ ሆና ስትነዘንዛት፣ ሚጡ አጥፍታት ነበር። የጠፋች መብራት አረንጓዴም ቀይም አይደለችም። ግራጫ ናት።

«መብራቱ አረንጓዴ ነው?» ብላ ጠይቃት ነበር እናቷ፣ ፋይሉ ሊላክ ሲል።

«አረንጓዴ ነው።»

አጎቷም ያን ቀን ረቂቁን በብብቱ ይዞ መጥቶ ነበር። የዱሮ ልማዳቸው ነው፤ አንዱ ከረቂቁ ነጥቡን ሳይቀር ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ማስመሪያውን በየመስመሩ እያወረደ ይከተላል። «እናንብብ ሚጡ?» አላት።

«ጋሼ፣ ያ እኮ ዱሮ ቀረ። ማሽኑ ራሱ ያየዋል።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል» አለ እየሳቀ። ግን አልተከራከራትም። ረቂቁን መደርደሪያው ላይ አኖረው፣ ማስመሪያውን ከላዩ ጫነበት።

መደርደሪያውን ቀና ብላ አየች። እዚያው ናቸው።

ገጾቹን እያገላበጠች መቁጠር ጀመረች። ሃያ ስድስት። ሠላሳ አንድ። አርባ። ከሃያ ሦስቱ ሳጥኖች ሰባቱ ጥግ ላይ ያቺ ቀይ ምልክት አለች። ሰባቱም ሲያዩአቸው ያምራሉ፤ በአራት ነጥብ በሥርዓት ተዘግተዋል። የሌለን ነገር ማን ያያል?

እናቷ በሚቀጥለው ክፍል ስልክ ላይ ነበረች። «አዎ፣ ልጄ ናት! አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ያምናሉ?» ሳቋ በግድግዳው አልፎ ይሰማል። «አንድ ስህተት አይገኝባትም።»

ሚጡ ፋይሉን ማስተካከል ደቂቃዎች እንደሚበቃት ታውቃለች። ሳጥኖቹን አሳድጋ በአሮጌው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ነገ አንድ ሰው ቢጠይቅ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ትክክል ነው። ጥፋቱ የማተሚያው ይመስላል። ደግሞስ መምህሩ መቼም አፍ አላቸው፤ ለተማሪው ይነግሩታል።

ስልኳን አነሳች። «አለቃ፣ ነገ ቲቸር መጀመሪያ ያስረዱናል አይደል?»

መልሱ ወዲያው መጣ። «የምን ማስረዳት! 'ቆንጆ መመሪያ ተሠርቶላችኋል፣ እኔ አልለፈልፍም፣ እሱን ተከተሉ' ብለዋል። ምነው፣ ፈራሽ እንዴ ደራሲዋ? ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ!»

«ከፊት» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ከዚያ ጻፈች። «ገጽ 19 ጎደሎ ነው። ውኃ አሲድ ላይ አይፈስም። አሁኑኑ ሂድና ለቲቸር ንገራቸው፣ ካርቶኖቹ አይከፈቱ። አልቀለድኩም።»

ወደ ማያው ተመልሳ የግርጌዋን መብራት አበራች። መብራቷ ለቅጽበት አመነታች፤ ከዚያ ቀላች። ሚጡ አላጠፋቻትም። ሰው ሲገባ መጀመሪያ እንድትታይ ማያውን ወደ በሩ አዞረችው።

አጎቷ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛው አንገቱን አቅንቶ አያት። «ወዴት ነው?»

«ታች።»

ፊቷን አየ። 

ደረጃውን በወረደች መጠን ድምታው ከእግሯ ወደ ደረቷ ወጣ። አታሚው እጁ እስከ ክርኑ በቀለም ጠቁሮ፣ ወረቀቱ ሲከመር ቆሞ ያያል። ከማሽኑ ጎን ሚስማር ላይ አንድ ደብተር ተንጠልጥሏል። የዚያ ቤት ሕግ ነው፤ ማሽን ያስቆመ ሰው ማንም ይሁን ማን ሰዓቱን፣ ምክንያቱንና ስሙን ሳይጽፍ አይሄድም። ደብተሩ ውስጥ የአጎቷ ስም አሥራ አንድ ጊዜ አለ። ፕሮግራሙ ከመጣ ወዲህ ግን ማንም አልጻፈበትም፤ እናቷ ባዶውን ገጽ ለደንበኞች እያወረደች ታሳየው ነበር።

«ያቁሙልኝ!» አለች ሚጡ ጮኻ።

«ምን አልሽኝ የኔ ልጅ?»

«ማሽኑን ያቁሙልኝ። ስህተት አለው።»

አታሚው የተከመረውን ወረቀት አየ፤ እሷንም አየ። «እናትሽ ያውቃሉ?»

«አሁን ታውቃለች።»

አንዱን ቁልፍ ተጫነ። ማሽኑ ሦስት ጊዜ ተንገጫገጨ፣ ተነፈሰ፣ ዝም አለ። ከጠዋት ጀምሮ ያልነበረ ጸጥታ ሕንፃውን ሞላው። ደብተሩን ከሚስማሩ አውርዶ ሰጣት።

ሰዓቱን ጻፈች። ከ«ምክንያት» ሥር «ሰባት ማስጠንቀቂያዎች መስመር ጎድሏቸዋል» ብላ አሰፈረች። «ያስቆመው ሰው» የሚለው ላይ እስክሪብቶው ትንሽ ቆመባት። «ሚጡ» ብላ አልጻፈችም። ከመጽሐፉ ጀርባ እንዳለው፣ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች።

ከላይ የወንበር መጎተት ተሰማ። ቀጥሎ የእናቷ ጫማ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ክፍሉን አቋረጠ፤ ማያው ያለበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ወደ ደረጃው መጣ።

«ማን ነው ያስቆመው?»

ሚጡ ደብተሩን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ደረጃው ቀረበች፤ የመጀመሪያውንም እርከን ወጣች።

«እኔ ነኝ፣ እማ» አለች። «መብራቱ አረንጓዴ አልነበረም።»