ለምለሚት ሌባ አይደለችም!

አታምኑኝም። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ! ማመን የሚችል ካለ እስቲ ጠጋ ይበልና ይስማ።

እኔ ቤዛዊት ነኝ። ትንሿ እህቴ ኤፍራታ ትባላለች። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ስትናደድ አፍንጫዋ ይነፋል።

ቤታችን አዳማ ነው፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሳሎናችን ጥግ ላይ ለምለሚት አለች።

ለምለሚት ተክል ናት። የምትኖረው ከወገቡ በተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ነው።

ያሳደገቻት ኤፍራታ ናት። አንዲት ቁራጭ ቅርንጫፍ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ በየቀኑ «ሥር አወጣሽ? ሥር አወጣሽ?» እያለች ነው ያሳደገቻት።

አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። ኳ! ኳ! ኳ!

የአባዬ አክስት፣ እትዬ በለጡ፣ ከደብረ ብርሃን መጡ። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። አዳማ ግን ይሞቃል። ይሄን ለእትዬ በለጡ ማን ይንገራቸው!

ገና ሳይቀመጡ፣ «ኧረ ንፋስ ይመታኛል! መስኮቱን ዝጉት!» አሉ።

ጓ! አንዱ መስኮት ተዘጋ። ጓ! ሌላውም ተዘጋ። በበሩ ሥር ያለችውን ክፍተት ደግሞ ራሳቸው በፎጣ ጠቀጠቋት።

ከዚያ ለምለሚትን አዩዋት።

«በስመ አብ! ተክል ቤት ውስጥ? ይቺ እኮ አየር ትሰርቃለች! የልጆቹን አየር ምጥጥ አድርጋ ትጨርሰዋለች!»

ትሰርቃለች? ለምለሚት? የኤፍራታ አፍንጫ ተነፋ።

«ለምለሚት ሌባ አይደለችም!»

«ኤፊዬ፣ እንግዳ ናቸው» አለች እማዬ ቀስ ብላ።

«እንግዳ ቢሆኑስ! ለምለሚት ሌባ አይደለችም!»

«ማታ አባትሽ ሲመጣ ወደ ታች ያውርዳትና ለዘበኛው ይስጣት» አሉ እትዬ በለጡ። እማዬም ትልቅ ሰው ስለሆኑ፣ «እሺ እትዬ» አለች።

እሺ? ምኑ ነው እሺ! እኔም ተናደድኩ። እኔ ስናደድ ግን አፍንጫዬ አይነፋም። ተንኮል ነው የሚመጣልኝ።

ምሳ ተበላ። እትዬ በለጡ እጃቸውን ሊታጠቡ ገቡ። ሿሿሿሿ...

«ኤፊ! ቶሎ ነይ!»

በእግር ጣታችን እየሄድን፣ እሽሽ... እሽሽ... ለምለሚትን በረንዳ ላይ አወጣናትና በሩን መልሰን ዘጋነው።

እማዬ የልብስ መቆንጠጫ የምታስቀምጥበት ሌላ ቢጫ ጀሪካን አለ። መቆንጠጫውን ደፋሁት። ከቴሌቪዥኑ በላይ የተንጠለጠለውን የፕላስቲክ ሐረግ አወረድኩና ከተትኩበት።

ጥጉ ላይ አስቀመጥነው። ቁርጥ ለምለሚትን!

እትዬ በለጡ ተመለሱ። ጥጉን ገላመጡት። «እያየሁሽ ነው፣ አንቺ ሌባ!» አሉና ሶፋው ላይ ጋደም አሉ።

ኩርርር... ፉ! ኩርርር... ፉ!

ቤቱ ሞቀ። ቤቱ ታፈነ። ዝንቧ እንኳን መብረር ደክሟት ግድግዳው ላይ ቁጭ አለች።

ትንሽ ቆይቶ እትዬ በለጡ ብድግ! ፊታቸው በላብ ርሷል።

«ወይኔ ራሴን! አላልኩም? አላልኩም? አየሩን ሙልጭ አድርጋ ጨረሰችው!»

«ማን ናት እትዬ?» አልኩ፣ በጣም ጨዋ ልጅ መስዬ።

«ይቺ ናታ! ይቺ ጥግ ላይ የተጎለተችው!»

ኤፍራታ ወገቧን ይዛ ፊታቸው ተገተረች። «እስቲ ይንኳት።»

እትዬ በለጡ ነኳት። ኮሽ! ኮሽ! ሳብ አደረጉት። ሥር የለውም። አፈር የለውም።

«ይሄ... ፕላስቲክ ነው እንዴ?»

«አዎ! ፕላስቲክ አየር ይሰርቃል? ለምለሚት በረንዳ ላይ ናት! ለምለሚት ሌባ አይደለችም!»

እትዬ በለጡ የተዘጋውን መስኮት አዩ። ፎጣውን አዩ። ከዚያ ጣራውን አዩ።

እማዬ ሳቋን አፍና መስኮቱን ከፈተችው። ፏ! ነፋሱ ገባ። መጋረጃው ዘለለ። ዝንቧም ብን ብላ ወጣች።

«እፎይ!» አሉ እትዬ በለጡ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ ያንቺ ሥራ ነው፣ አንቺ ተንኮለኛ!» ጆሮዬን ያዙኝ። ትንሽ አመመኝ። ትንሽ ደግሞ ይገባኝ ነበር።

ኤፍራታ ግን ገና አልጨረሰችም። «እትዬ፣ ለምለሚትን ይቅርታ ይጠይቋት።»

«ተክል ይቅርታ ይጠየቃል?»

«ሌባ ከተባለች ይጠየቃል!»

ለምለሚትን አመጣናትና መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃን ላይ አስቀመጥናት። እትዬ በለጡ ጨርቅ አርጥበው ቅጠሎቿን አንድ በአንድ ጠረጉላት። ጨርቁ ጥቁር አለ።

«ውይ! ይሄ ሁሉ አቧራ ከየት መጣ?»

«ቤት ውስጥ የሚበረው ነዋ! ቅጠሏ ላይ ያርፋል» አለች ኤፍራታ። «ብርሃን ስታገኝ ደግሞ ጥሩ አየር ትሰጠናለች። ትንሽ ነው የምትሰጠው፣ ራሷም ትንሽ ናታ! ግን ትሰጣለች።»

እትዬ በለጡ ጎንበስ አሉ። «ይቅር በይኝ፣ እሺ? ሳላውቅ ነው ስምሽን ያጠፋሁት» አሏት።

የኤፍራታ አፍንጫ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ማታ አባዬ መጣ። እማዬ ቀን በስልክ ነግራው ነበር። «ለዘበኛው የምትሰጠዋ ተክል የታለች?» አለ።

«ማን ነው እሷን የሚነካት!» ብለው ጮኹ እትዬ በለጡ። አባዬ ደንግጦ ጫማውን ሳያወልቅ ቁጭ አለ።

የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ኤፍራታ እትዬ በለጡ ጉያ ገባች። «መስኮቱ የአንድ ጣት ያህል ይከፈት። አንድ ጣት ብቻ!» አሉ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው።

«እሺ እትዬ» አለች ኤፍራታ። ዓይናቸውን ሲከድኑ ግን ቀስ ብላ ተነሳችና ሁለት ጣት አደረገችው።

በሉ፣ እናንተም ይሄን ለሰው ንገሩልኝ። በተለይ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ ታፍኖ ሳለ «መስኮቱን ዝጉት!» ለሚሉት። ቤዛዊት ናት የላከችን በሏቸው።