አሥራ አንደኛው ኮቴ

ልብስ ሰፊው የሞተው በጠራራ ፀሐይ፣ በምሳ ሰዓት ነው። ከመስፊያ ክፍሉ ወደ መኖሪያው በሚያወጣው የእንጨት ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተዘርሯል፤ ማጅራቱ ከሲሚንቶው ጋር ተላትሟል። ቀበቶው ከወገቡ ወጥቶ ቀኝ እጁ ላይ ተጠምጥሟል። መርማሪዋ ከሬሳው ይልቅ ቀበቶውን ብዙ አየችው።

ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል። ሰው ሞተ ሲሏት ነፍስ ይማር ከማለቷ በፊት «ለምን?» ትላለች ብለው ያሟታል። ሐሜት ይሁን እንጂ ውሸት አይደለም።

ወፍራሙ ሳጅን ግን ምሳው ሳያመልጠው መጨረስ ፈልጓል።

«እትዬ፣ ነገሩ ግልጽ እኮ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ሁለት ሚስማር የለውም። ረገጠው፣ ከዳው፣ ወደቀ። አለቀ ደቀቀ!»

«ደረጃ ሲወጣ የተደናቀፈ ሰው በምኑ ይወድቃል?»

«በግንባሩ።»

«ይሄስ?»

ሳጅኑ በጀርባው የተዘረረውን ሬሳ አየ። እሷም ጎንበስ አለች። የሟቹ የደረት ኪስ በሰማያዊ ዱቄት ተበክሏል። ልብስ ሰፊ ጨርቅ የሚያሰምርበት ጠመኔ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ደቅቋል። በጀርባው የወደቀ ሰው ደረቱ ላይ ያለውን ጠመኔ ምን አደቀቀው?

በመጀመሪያ ያናገረችው ታች ሲሠራ የነበረውን ጨርቅ ቆራጭ ነው።

«ድው ሲል ሰማሁ» አላት።

«ሰምተህ አልወጣህም?»

«እትዬ፣ እዚህ ቤት በምሳ ሰዓት ድው ሳይል የዋለበት ቀን መች አለ? ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት።»

መርማሪዋን አንገሸገሻት። ስንት ምሳ ሰዓት ሬዲዮ ከፍ ሲያደርግ ኖሯል!

ሚስትየዋ ለደንበኛ ልብስ አድርሳ ስትመለስ ነው ባሏን ወድቆ ያገኘችው። በዚያ ሙቀት እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ቆልፋዋለች። «ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለች፣ ሳትጠየቅ። ሹፌሩ ወንድሟ ግን የሚደብቀው አልነበረውም።

«ትናንት ‹እጅህን እቆርጠዋለሁ› ብዬው ነበር። ምነው ባደረግኩት! ዛሬ ግን መኪናዬ ሥር ገብቼ ዘይት ስቀይር ነበር።»

«ማን አየህ?»

«ማንም።»

የሳጅኑ እጅ ወደ ካቴናው ሄደ።

ፎቅ ላይ የሟቹ እናት አልጋዋ ላይ ተጋድማለች። ሽበቷ የተበጠረ፣ ዓይኗ የደረቀ ነው።

«እማማ፣ እግዜር ያጽናዎት። ምን ሰሙ?»

«እኔማ ልጄ፣ እግሬ ከከዳኝ ከአልጋ አልወርድም። ምን እሰማለሁ ብለሽ?»

ከዘራዋ ግድግዳ ተደግፏል። ከጎማ ጫፉ ሥር ወለሉ እርጥብ ነበር። መርማሪዋ አየችው።

ልትወጣ ስትል የዘጠኝ ዓመቷ የሟቹ ልጅ በሩ ላይ ቆመችባት። የአራት ዓመት ወንድሟ ገና ከአያቱ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ አልወጣም።

«እትዬ፣ እኔን እሰሩኝ። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እስቲ ንገሪኝ።»

«ሚስማሮቹን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ጣውላው እንዲጮህ ነው። ሲጮህ ወንድሜን ቁም ሣጥን ውስጥ እከተዋለሁ። አሥራ አንድ ኮቴ ሳልቆጥር በሩ መዘጋት አለበት።»

«እናትሽ ስትረግጠውስ አይጮህም?»

«የእናቴ ቀጭን ነው። የአጎቴ ቸኩሎ ሁለቴ ይላል። የአባቴ ከባድ ነው፤ ሲናደድ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።»

«ዛሬ ስንት ቆጠርሽ?»

«ጓዳ ተደብቄ አሥር ቆጠርኩ። አሥራ አንደኛው ሳይመጣ ወደቀ።»

«ከዚያ በኋላ ጣውላው ጮኸ?»

«እናቴ መጥታ እስክትወጣ ድረስ አልጮኸም።»

«አንቺ ገደልሽው ያለሽ ሰው አለ?»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። «ምስጢር ነው።»

ይህች ልጅ በጨዋታ ዕድሜዋ የሰው እግር ስትመዝን ኖራለች፤ አሁን ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ነኝ ብላ ልትኖር ነው። ገዳዩ ባይገኝ መዝገቡ ይዘጋል፤ ልጅቷ ላይ የተጫነው ግን አይወርድም።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀብር በኋላ፣ ሁሉንም መስፊያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሹፌሩ አሮጊቷን ከነከዘራዋ ተሸክሞ አወረዳት። ልጅቷ ለብቻዋ ጥግ ይዛ ቆመች።

«ሳጅን፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ዝለልበት።»

«በዚህ ሰውነቴ?»

«ለዚሁ ሰውነትህ ነው።»

ሳጅኑ እስኪያልበው ዘለለ። ጣውላው አለቀሰ እንጂ ፍንክች አላለም።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለች መርማሪዋ። «ሁለቱ ቢነቀሉ ሦስት ሚስማር ይዞታል። ሟቹም ቢሆን አልፎታል። ከጮኸ በኋላ አሥር ተቆጥሯል፤ ሦስትና አሥር አሥራ ሦስት። ደረጃው አሥራ አራት ነው። ሰውየው የወደቀው ከጫፍ ነው፤ ያውም በጀርባው። ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ደረቱን ገፍቶታል፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ጠመኔ ዱቄት የሆነው ለዚህ ነው።»

ሚስትየዋ ወንድሟን አየችው።

«እሱን አትይው። ገፍቶ ቢሆን መውረድ ነበረበት። ሲወርድ ጣውላው ይጮሃል። ይህች ልጅ ደግሞ አልጮኸም ብላለች።»

«ዘሎ ቢያልፈውስ?» አለ ቆራጩ።

«ልጅቷ እንደ አንተ ሬዲዮ ከፍ አድርጋ አልተቀመጠችም። የዘለለ ሰው ኮቴ አያመልጣትም። የገፋው ሰው አልወረደም፤ ላይ ነው የቀረው።»

ከዘራውን ከአሮጊቷ እጅ ወስዳ ገለበጠችው። በጎማው ስንጥቅ ውስጥ ሰማያዊ ጠመኔ ተሰግስጓል።

«እማማ፣ ከአልጋ የማይወርድ ሰው ከዘራውን ለምን ያጥባል?»

አሮጊቷ አልካደችም።

«የሞተውን ልጄን አባቱ ሲገርፈው ፊቴን አዞር ነበር። እሱም አባት ሲሆን ያንኑ አደረገ፤ እኔም ያንኑ አደረግኩ። ያን ቀን ጠዋት ሚስማሮቹን ከልጅቷ ቦርሳ አግኝቶ ‹በምሳ ሰዓት እመጣልሻለሁ› ብሏት ወረደ። ደረጃው ሲጮህ ትንሹ፣ ማንም ሳይነካው፣ ራሱ ገብቶ የቁም ሣጥኑን በር ከውስጥ ሳበው። አባቱም በዚያ ዕድሜው አልጋ ሥር እንዲያ ነበር የሚገባው! ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። የወለድኩትን ነው እኮ የገፋሁት! ወይኔ ልጄን!»

«ልጅቷንስ?» አለች መርማሪዋ። «እሷ ምን አደረገችዎት?»

«‹ጣውላዬ ገደለው› ብላ ስትሮጥ መጣች። ፈራሁ። ‹ሆድ ይፍጀው፣ ለማንም አትንገሪ› አልኳት።»

«ስለ ልጅዎ ሕግ ይጠይቅዎታል፤ እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ይህችን ግን ሦስት ቀን የአባቷን ሬሳ አሸክመዋታል። የሚያወርዱላት እርስዎ ነዎት። ይንገሯት።»

አሮጊቷ ወደ ጥጉ ዞረች። «አንቺ አይደለሽም የኔ ልጅ። እኔ ነኝ። አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

ልጅቷ አያቷን አየች፤ ከዚያ መርማሪዋን፣ ከዚያ እናቷን።

«እውነት እኔ አይደለሁም?»

«አይደለሽም» አለች እናቷ።

«እንግዲያው ለአባቴ ማልቀስ እችላለሁ? የገደለ ሰው አይፈቀድለትም ብዬ እኮ ነው።»

እናቷ እጆቿን ዘረጋችላት። ልጅቷም ሄዳ ጉያዋ ውስጥ ገባችና «አባዬ!» ብላ ጮኻ አለቀሰች።